ሙከራው ከምን ጋር ተነጻጸረ?

በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች የሚኖረው አርሶ አደር የተማሪ ፊት ለምዷል። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ የያዙ የባዮሎጂና የግብርና ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታቸው ይመጣሉ። ደብዳቤያቸውን ለቀበሌው ሊቀመንበር ያሳያሉ፣ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ማሳ ይዞራሉ፣ አፈር በፌስታል ይቋጥራሉ፣ ቅጠል በአሮጌ ጋዜጣ መሐል ያስቀምጣሉ፣ መጠይቅ ያስሞላሉ፤ ከዚያ ይሄዳሉ። ያገኙት ነገር ምን እንደሆነ ግን ማሳውን የከፈተላቸው ሰው ብዙ ጊዜ አይነገረውም።

እነዚህ ወጣቶች ነገ ተመርቀው ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ምርምር ጣቢያ፣ ወደ ዘር አቅራቢ ድርጅት ወይም ወደ መምህርነት ይሰማራሉ። «ይህ ዝርያ ይሻላል»፣ «ይህን ያህል ማዳበሪያ ጨምር»፣ «ይህን ርጭ» የሚለው ምክር የሚወጣው ከእነሱ እጅ ነው። ምክሩ የተሳሳተ ሲሆን የመካሪው ደመወዝ አይቋረጥም፤ ዘርና ማዳበሪያ በብድር የወሰደው አርሶ አደር ግን የአንድ ወቅት ድካሙን ያጣል። ዝናቡ አጭርና ተለዋዋጭ በሆነበት በድሬዳዋ ቆላ አንድ ወቅት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለአካባቢው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ የባዮሎጂ ተማሪ ጥሩውን ሙከራ ከመጥፎው ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ የዩኒቨርሲቲው የውስጥ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊተው አይገባም።

ችግሩ የሚጀምረው ከመማሪያ መጽሐፉ ነው። መጽሐፉ የሚተርከው በአብዛኛው የተሳካውን ሙከራ ነው። እገሌ ይህን ጠየቀ፣ ይህን አደረገ፣ ይህን አገኘ ይልና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። ተማሪው በጥንቃቄ ተሠርቶ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ያደረሰ፣ ወይም መልሱ ትክክል ሆኖ ጥያቄው የጎደለ ሙከራ እንዳለ ሳይሰማ ይመረቃል። ከእንዲህ ዓይነቱ የሚገኘው ትምህርት ግን ከተሳካው አያንስም።

ለዚህ ትልቁ ምሳሌ ያለው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ዛሬ የአፋርን የግጦሽ መሬት የወረረው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ስለ ዛፉ የተጻፉ የምርምር ሥራዎች ከመነሻ ቦታዎቹ አንዱ አድርገው የሚጠቅሱት የድሬዳዋውን የጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነው። በጊዜው የነበረው ጥያቄ ግልጽ ነበር። ደረቅና ጨዋማ መሬት ላይ የሚጸድቅ፣ ነፋስና በረሃማነትን የሚገታ፣ ጥላና ማገዶ የሚሰጥ ዛፍ ማን ነው? ፕሮሶፒስ ጸደቀ። ለቀረበው ጥያቄ መልሱ ትክክል ነበር። ከዚያም በ1980ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች አካባቢና በአፈር ጥበቃ ሥራዎች በስፋት ተተከለ።

ያልተጠየቀው ዛፉ ከችግኝ ጣቢያው አጥር ሲወጣ ምን ያደርጋል የሚለው ነበር። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ፍየልም፣ ከብትም፣ ግመልም ይበላዋል። ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ ነውና ከእንስሳው ሆድ ሳይጎዳ ያልፋል፤ የሚወድቀውም በፍግ ተሸፍኖ ነው። እንስሳው ውኃ ፍለጋ በሄደበት ሁሉ ዘሩ አብሮት ይሄዳል። ሲቆረጥ ደግሞ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ዛሬ በአፋር ክልል ብቻ የወረረው መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ አፋሮችም «ደርጊ ሃራ» ብለው የዘመኑን ስም አትመውበታል። ዛፉን ያመጡትን ሰዎች ክፉ አሳቢ ማድረግ አይገባም። የሚጸድቀውን ችግኝ ቆጥረዋል፤ የሚስፋፋውን ግን አልለኩም። አንድ የባዮሎጂ ተማሪ ከድሬዳዋ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ጥሻ እያየ ይህን ቢማር ከብዙ ገጽ ንባብ ይበልጥበታል።

ፓርቲኒየም የተባለውን መርዛማ አረም ለመቆጣጠር ነፍሳት ከውጭ ሲመጡ የተደረገው ደግሞ የተለየ ነበር። ቅጠል በሏ ጥንዚዛ ወደ ማሳ ከመለቀቋ በፊት አምቦ ላይ በተዘጋ ቤት ውስጥ ተይዛ የአገሪቱን ሰብሎች ትነካ እንደሆነ ተፈተነች። ከሰብሎቹ መካከል ኑግ የተለየ ትኩረት የሚያሻው ነበር፤ ምክንያቱም ኑግ በዕፅዋት ቤተሰብ የፓርቲኒየም ዘመድ ነው። አረሙን የምትበላ ነፍሳት ዘመዱን ትተዋለች ብሎ ማመን አይቻልም፤ አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ «ትሠራለች ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ምን ታበላሻለች?» የሚለውም ቀርቧል ማለት ነው።

ወደ ማሳው እንመለስ። አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አዲስ የማሽላ ዝርያ ለማስተዋወቅ ተነሳ እንበል። ለእንግዳ እንዲመች ከአስፋልቱ አጠገብ ያለ ማሳ ይመረጣል። ባለማሳው ታታሪ የተባለ ሞዴል አርሶ አደር ነው። መሬቱ ከዳገቱ ሥር፣ ጎርፍ ደለል የሚጥልበት ነው። ሁለት ጊዜ ታርሶ፣ በመስመር ተዘርቶ፣ ኤን ፒ ኤስና ዩሪያ ተጨምሮበት፣ ሦስት ጊዜ ታርሟል። በመስክ ቀኑ ዕለት ይህ ማሳ ከጎረቤቱ ጋር ይነጻጸራል። የጎረቤቱ ማሽላ ደግሞ ዳገቱ ላይ ነው፤ ማዳበሪያ አላየም፣ በብተና የተዘራ ነው፣ የታረመውም አንድ ጊዜ ነው። የአንዱ በሄክታር 40 ኩንታል፣ የሌላው 15 ኩንታል ተገመተ እንበል። ሪፖርቱ «አዲሱ ዝርያ ምርትን በእጥፍ ከግማሽ አሳደገ» ይላል።

እዚህ ላይ የተዋሸ ቁጥር የለም። 40ውም እውነት ነው፣ 15ቱም እውነት ነው። የተለያየው ግን ዘሩ ብቻ አይደለም፤ አፈሩም፣ እርሻውም፣ አዘራሩም፣ ማዳበሪያውም፣ አረሙም፣ ሰውየውም ተለያይተዋል። ከ25 ኩንታል ልዩነት ውስጥ የዘሩ ድርሻ ስንት እንደሆነ ሊናገር የሚችል የለም። የጎረቤትየውን ሙይራ ወይም ፈንዲሻ በዚያ ደለል መሬት ላይ፣ በዚያው እንክብካቤ ቢዘሩት ኖሮ 35 ይሰጥ ይሆን? ማንም አላየም። በሚቀጥለው ዓመት የዳገቱ አርሶ አደር ዘሩን በብድር ገዝቶ 16 ኩንታል ሲያገኝ ስንፍናው ይወቀሳል እንጂ ሙከራው አይወቀስም።

በእርግጥ ሠርቶ ማሳያ ለማሳየት የታሰበ ነው፤ ምርምር አይደለም የሚል ባለሙያ ይኖራል። ይህ ተቀባይነት ያለው ክርክር ነው። ማሳያው ማሳያ ሆኖ እስከቀረበ ድረስ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው የማሳያው ቁጥር በሪፖርት ላይ የምርምር ውጤት ሆኖ ሲጻፍና «ተሞክሮው ተቀምሮ ይስፋ» የሚል መመሪያ ሲወጣበት ነው።

ጥገናው ውድ አይደለም። የአንዱን አርሶ አደር ማሳ ለሁለት ከፍሎ በግማሹ አዲሱን፣ በግማሹ ነባሩን ዘር መዝራት፣ የቀረውን ሁሉ እኩል ማድረግ ነው። ይህም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። የባዮሎጂ ተማሪዎች በስታቲስቲክስ ኮርስ ስሙን የሚሰሙት እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ ሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲገባ የገጠመው ይኸው ችግር ነበር። ጣቢያው ከ1843 ጀምሮ የማዳበሪያ ሙከራ ሲያካሂድ የቆየና መዝገቡ በቁጥር የተሞላ ነው። ፊሸር የተረዳው ነገር ለማንኛውም ገበሬ አዲስ አልነበረም፤ አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ በአንድ ማሳ ሁለት ጫፍ ላይ ቢደረግ እንኳ ምርቱ እኩል አይሆንም። እንግዲህ በሁለት ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት ትርጉም እንዲኖረው፣ አንዱ ዝርያ ራሱ ከቦታ ቦታ ከሚያሳየው ልዩነት ጋር መመዘን አለበት። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ዝርያ በአንድ መደብ ሳይሆን በብዙ መደቦች ተደጋግሞ የሚዘራው።

የትኛው መደብ ለየትኛው ዝርያ ይሁን የሚለውን ደግሞ ዕጣ ይወስነው አለ። ይህን በ1935 ባሳተመው መጽሐፉ በሰፊው አስረድቷል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ነገሩ ቅርጫ ነው። በሬው ታርዶ ሥጋው በመደብ በመደብ ከተከፋፈለ በኋላ የከፈለው ሰው ለራሱ አይመርጥም፤ ዕጣ ይጣላል። ከፋፋዩ ሌባ ነው ተብሎ አይደለም። የሰው ዓይን ሳያውቅም ወደሚወደው ስለሚያዘነብል ነው። ተማሪም የሚወደውን ዝርያ ለምለም ወደ መሰለው ጥግ ይወስዳል፤ በምርት ጊዜ ናሙና ሲያጭድም ጥሩ ዛላ ያለበት ቦታ ላይ ይቆማል። የመደቡ ዳር ያለው ረድፍ ብርሃንና ቦታ ስለሚያገኝ ከመሐሉ ይበልጥ ይፋፋል፤ እሱን አብሮ የመዘነ ተማሪ ውጤቱን ሳያውቀው አሳብጧል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከዘር በፊት ወረቀት ላይ ነው። ሰብሉ ከበቀለ በኋላ የሚመጣ ስታቲስቲክስ መጥፎ አዘራርን አያድንም።

የዚህን ትምህርት ዋጋ ከአቀንጭራ በላይ የሚያሳይ የለም። በሐረርጌ ቆላ ማሽላ የሚያመርት ሁሉ ይህን ሐምራዊ አበባ ያለው ጥገኛ አረም ያውቃል። ከአፈር በላይ ሳይታይ ከሥር ሆኖ የማሽላውን ምግብና ውኃ ይመጣል። አንዷ ተክል ዱቄት የሚያክሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዘሮች ትጥላለች፤ ዘሮቹም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ የሚፈለገው አቀንጭራ ያለበት ማሳ ላይ ብዙ ዝርያ ዘርቶ ያልተጠቃውን በመምረጥ ነበር። ዘዴው ጤናማ ይመስላል። ነገር ግን የአቀንጭራ ዘር በማሳው ላይ እኩል አልተበተነም፤ አንድ ቦታ ተከማችቶ አንድ ቦታ ይጠፋል። ያልተጠቃው ማሽላ ጠንካራ ሊሆን ይችላል፣ ዕድለኛም ሊሆን ይችላል። በዓመቱ ሌላ ቦታ ሲዘራ ይወድቃል።

ከዚህ መውጫ ካበጁት አንዱ ከወለንኮሚ ተነስተው በጂማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም እዚሁ ጎረቤታችን በነበረው አለማያ ኮሌጅ ተምረው በ1973 እ.ኤ.አ. የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። እሳቸውና በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ባልደረቦቻቸው ጥያቄውን አሳነሱት። አቀንጭራ ዘሩ የሚበቅለው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ንጥረ ነገር ሲቀሰቅሰው ብቻ ነው። እንግዲያው «ማሳው ላይ የትኛው ተረፈ?» ከማለት «የየትኛው ማሽላ ሥር ዘሩን አይቀሰቅስም?» ማለት ይቻላል። በሳህን ውስጥ፣ እንደ ጄሊ ባለ ግልጽ ነገር ላይ የማሽላ ችግኝና የአቀንጭራ ዘር አንድ ላይ አስቀምጠው ከሥሩ ምን ያህል ርቀት ድረስ ዘሩ እንደሚበቅል ለኩ። በሳህኑ ውስጥ የዘሩ ብዛት እኩል ነው፤ ዕድል የሚጫወትበት ቦታ ጠቧል። የተመረጡት ዝርያዎች ከዚያ በኋላ ወደ ማሳ ተመልሰው ተፈተኑ። ከሥራው የወጡት ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች በኢትዮጵያ ተለቀዋል፤ ፕሮፌሰሩም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል።

እዚህ ላይ ግን የሐረርጌ አርሶ አደር የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ ትክክልም ነው። አገዳውስ? ለቆላው ሰው ማሽላ እህል ብቻ አይደለም። ረጅሙ አገዳ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የቤት ግድግዳ ነው። አጭርና ቶሎ ደራሽ ዝርያ በኩንታል አሸንፎ በአገዳ ሊሸነፍ ይችላል። ጥሩ የተሠራ ሙከራም ቢሆን የለካው የለካውን ብቻ ነው። ተማሪው ሚዛን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ማሽላው ለባለቤቱ ምን ምን እንደሚያደርግለት ቢጠይቅ፣ ሁለተኛ ዓምድ በመዝገቡ ላይ ይጨምር ነበር።

ስለ አለካክ ከተነሳ የቫን ሄልሞንትን አኻያ ዛፍ ማለፍ አይገባም። ይህ የቤልጅየም ሐኪም በ17ኛው መቶ ዘመን 90 ኪሎ የሚያህል አፈር አድርቆ መዝኖ በገንቦ ውስጥ ጨመረና አንዲት ትንሽ የአኻያ ችግኝ ተከለ። አምስት ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣት። ዛፏ ከ2 ኪሎ ገደማ ተነስታ ከ75 ኪሎ በላይ ስትሆን አፈሩ የቀነሰው 60 ግራም እንኳ አይሞላም ነበር። ዛፍ ክብደቷን ከአፈር አትበላም የሚለውን በዚህ በሚያስቀና ትዕግሥት አሳየ። ቀጥሎ ግን «እንግዲያው ሁሉም ከውኃ ነው» አለ። አየሩን አልቆጠረም። የዛፉ ደረቅ አካል በአብዛኛው የሚሠራው ቅጠል ከአየር ከሚስበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ትንሿ የአፈር ጉድለትም ችላ የምትባል አልነበረችም፤ ዛሬ አርሶ አደሩ በማዳበሪያ ከረጢት የሚገዛው የዚያችን 60 ግራም ዓይነት ነገር ነው።

ተማሪ ሲሳሳት የሚታረመው መምህር ወይም ጓደኛ ሲጠይቀው ነው። መጠየቅ የተከለከለ ዕለት ግን ትንሹ ስሕተት አገር ያህላል። የሶቪየት ኅብረቱ ትሮፊም ሊሴንኮ ታሪክ ለወረዳ ኃላፊዎች በተለይ መነገር ያለበት ለዚህ ነው። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሊሴንኮ የስንዴ ዘርን አርጥቦ በቅዝቃዜ በማቆየት ምርትን ከፍ አደርጋለሁ አለ። ማስረጃው የተሰበሰበው በአብዛኛው በመጠይቅ ነበር። ቅጽ ለኅብረት እርሻዎች ይላካል፤ የእርሻው ኃላፊ ምን ያህል ምርት እንደጨመረ ሞልቶ ይመልሳል። ያልታከመ ዘር በአንድ ዓይነት መሬት ላይ ተዘርቶ ጎን ለጎን የተመዘነበት ጥንቃቄ የተሞላ ሙከራ ጠፋ። ኃላፊው «አልጨመረም» ብሎ ቢጽፍ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ስለዚህ ይጨምራል፤ የበላዩም ይደሰታል፤ ቁጥሩም ወደ ላይ ይወጣል። በ1948 የሊሴንኮን ሐሳብ የሚቃወም የዘረመል ትምህርት ጭራሹን ታገደ። በዚያው ዘመን አንድ ዓይነት ተክሎች እርስ በርስ አይሻሙም ብሎ የዛፍ ዘር በአንድ ጉድጓድ ክምር አድርገው እንዲተክሉ አዘዘ፤ ችግኞቹ በብዛት ሞቱ።

የሊሴንኮ ተቃዋሚ የነበረው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ለኢትዮጵያ እንግዳ ሰው አይደለም። በ1926 መጨረሻ በጅቡቲ በኩል፣ በድሬዳዋ በሚያልፈው የባቡር መስመር ወደ አገራችን ገብቶ የስንዴ፣ የገብስና የሌሎች ሰብሎች ናሙና ሰብስቧል፤ ኢትዮጵያ የሰብል ብዝኃ ሕይወት መፍለቂያ መሆኗን ለዓለም ካስተዋወቁት ቀዳሚው ነው። በ1940 ታሰረ። በጥር 1943 ሳራቶቭ በሚገኝ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተዳክሞ ሞተ። የዓለምን እህል ዘር የሰበሰበ ሰው!

ይህን ሲያነቡ «የእኛ አገር እንደዚያ አይደለም» ማለት ይቀላል፤ እውነትም እንደዚያ አይደለም። ነገር ግን መጠይቁ እዚህም አለ። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ላይ የሚሄደው ቅጽ «የተገኘ ጭማሪ በመቶኛ» የሚል ሳጥን አለው፤ «ለውጥ አልታየም» ብሎ የሞላ ባለሙያ በግምገማ ላይ ምን እንደሚባል ይገምታል። ይህን ፍርሃት ማንሳት የሚችለው ተማሪው አይደለም፤ ቅጹን የሚቀበለው ኃላፊ ነው።

ጥሩ ሙከራ የውጭ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስል የ2022ቱን የድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ማንሳት ይበቃል። ወባ የገጠርና የክረምት በሽታ ነው ተብሎ በሚታሰብበት፣ በዋናዋ ከተማ፣ በበጋው ጭምር በሽታው ተስፋፋ። ከእስያ የመጣችውና በበርሜል፣ በገንዳና በውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ተጠረጠረች። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም፤ ትንኟ በከተማው ውስጥ መኖሯ ብቻ ወረርሽኙን እሷ አመጣችው አያሰኝም። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባደረጉት ጥናት ወባ የተገኘባቸውን ሕሙማን ብቻ አልተከተሉም። ትኩሳት ይዟቸው የመጡ ነገር ግን ወባ ያልተገኘባቸውንም ጨመሩ። የሁለቱንም ወገን ቤተሰብና ጎረቤት መረመሩ፤ በየቤታቸው ዙሪያ ትንኝና እጭ ፈለጉ።

ቁልፉ ያለው በዚያ ሁለተኛ ወገን ላይ ነው። ከሕሙማኑ ቤት አጠገብ ትንኟን ማግኘት ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ምናልባት በሁሉም ሰው ቤት አጠገብ አለች። ተጨማሪው የወባ ኢንፌክሽን በወባ ሕሙማኑ ዙሪያ ተሰባስቦ ሲገኝና ይህም ከትንኟ በቤቱ አካባቢ መኖር ጋር አብሮ ሲሄድ፣ በትንኟ ውስጥም የወባው ተውሳክ ሲገኝ ነው ክሱ የቆመው። በ2023 የታተመው ይህ ሥራ ከድሬዳዋ አልፎ በአፍሪካ ከተሞች ሁሉ የሚጠቀስ ሆኗል። ለከብቱና ለአትክልቱ ውኃ በበርሜል የሚያጠራቅም የከተማ ዳር አርሶ አደርም በርሜሉን እንዲከድን ሲነገረው ምክሩ ከዚህ የመጣ መሆኑን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብና ላቦራቶሪ ይጠይቃል ይባል ይሆናል። የመመረቂያ ጥናት ግን በጠርሙስም ይሠራል። የድሬዳዋን ጎዳናዎች ያጠለለው ኒም ለዚህ የተሰጠ ነው። የኒም ቅጠል ዱቄት የበቆሎ ነቀዝን ይገድላል ወይ የሚለው የባዮሎጂ ተማሪዎች ደጋግመው የሚመርጡት ርዕስ ዓይነት ነው። ደካማው አሠራር እንዲህ ነው። በአንድ ጠርሙስ በቆሎ፣ ነቀዝና የኒም ዱቄት ይጨመራል፤ በሌላው በቆሎና ነቀዝ ብቻ። በመጀመሪያው ብዙ ነቀዝ ሞተ፤ ኒም ይሠራል ተባለ። አያቶቻችን ግን እህላቸውን በአመድ ያሹ ነበር። ማንኛውም ደቃቅ ዱቄት የነፍሳቱን ቆዳ እየፋቀ ያደርቃቸዋል። ስለዚህ ነቀዙን የገደለው ኒምነቱ ነው ወይስ ዱቄትነቱ? ሦስተኛ ጠርሙስ፣ በውስጡም መድኃኒትነት የሌለው የሌላ ቅጠል ዱቄት በእኩል ሚዛን ካልገባ መልስ የለውም። አራተኛ ጠርሙስ ከአመድ ጋር ቢጨመር ደግሞ አርሶ አደሩ የሚጠይቀውን ጥያቄ ይመልሳል፤ እጄ ላይ ካለው ነገር ይሻላል ወይ?

መጠኑም አለ። ለ100 ግራም በቆሎ 10 ግራም ዱቄት ጨምሮ «ውጤታማ ነው» የሚል ተማሪ ሒሳቡን እስከ ጎተራ ድረስ አላደረሰውም። ለአንድ ኩንታል 10 ኪሎ የደረቀ የኒም ዱቄት ማለት ነው። ማን ይለቅመዋል፣ ማን ይወቅጠዋል፣ እህሉስ ሲፈጭ እንዴት ይጣፍጣል? ከዚያ በላይ በሐረርጌ ብዙ ማሽላ የሚቀመጠው በመሬት ጉድጓድ ውስጥ ነው። እዚያ እርጥበቱ ሌላ፣ አየሩ ሌላ፣ ሻጋታውም ሌላ ነው። በላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ያለ ጠርሙስ ስለ ጉድጓዱ ብዙም አይናገርም።

ኒሙ ከአመድ ካልተሻለስ? ይህን ነው ተማሪው የሚፈራው። ውጤቱ «ልዩነት የለም» ከሆነ አማካሪው የሚቆጣ፣ ነጥቡም የሚቀንስ ይመስለዋል። አንዳንዱ ቁጥር ያስተካክላል፤ አንዳንዱ ካለፈው ዓመት ተመራቂ ይገለብጣል። በዚህ ላይ ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። መምህሩ ነጥቡን ለውጤቱ ሳይሆን ለአሠራሩ ቢሰጥ፣ ከሙከራው በፊት የተጻፈውን ዕቅድ ከኋላው ሪፖርት ጋር ቢያስተያይ፣ ነቀዝ የሚቆጥረው ልጅ የትኛው ጠርሙስ ኒም እንዳለበት እንዳያውቅ ምልክቱን ቢሰውር፣ ማጭበርበሩ ትርፉ ይቀንሳል። «አመድ ይበቃል» የሚል ውጤት ለአርሶ አደሩ ኪሱን የሚያድን ዜና ነው።

የቀበሌና የወረዳ ኃላፊዎችም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ የመጣን ተማሪ ማኅተም ከመምታት በፊት ሙከራህ ከምን ጋር ይነጻጸራል፣ ስንት ጊዜ ይደጋገማል፣ መደቦቹን ማን መረጣቸው ብሎ መጠየቅ ሥልጣናቸው ነው፤ ለመጠየቅም ዲግሪ አያስፈልግም። ከሁሉም በላይ አንድ ግዴታ ሊያስገቡት ይችላሉ። ጥናቱ ሲያልቅ ተማሪው አንድ ገጽ ጽፎ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ፣ ማሳው እንዳለበት ቀበሌ፣ ወደ አርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ይመልስ። ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳገኘ፣ ምን እንዳልሠራለት። ገጹ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ተማሪም መጀመሪያ እሱን ያንብብ።